መነጽርና አረር የሚገናኙበት ቦታ

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ፣ ከለቡ እስከ ሃና ማርያም፣ ግንባታ ባለበት ሁሉ ባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ በተገጠመች ትንሽ መነጽር አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያይ ሰርቬየር አይጠፋም። መሣሪያዋ «ሌቭል» ትባላለች፤ ውስጧ ከፀጉር የቀጠነ የመስቀል መስመር አለ። መስመሩ ውሃ ልክ መሆን አለበት፣ ጠንቃቃ ሰርቬየር ግን ዝም ብሎ አያምናትም። ሁለት ችካል 60 ሜትር ያህል አራርቆ ይተክልና መጀመሪያ ከመካከላቸው ቆሞ ያነባል፤ ቀጥሎ አንደኛው ችካል አጠገብ ሄዶ ይደግመዋል። ከመሃል ሲነበብ ስህተቱ በሁለቱም በኩል እኩል ስለሚሆን ይጠፋል፣ ከዳር ሲነበብ ግን ይጋለጣል። ሁለቱ ንባቦች ካልተስማሙ በትንሽ መፍቻ ብሎኗን ነካ አድርጎ መስቀሉን ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

የአደን ጠመንጃ ላይ የሚገጠመው መነጽር የዚህችው ሌቭል የሥጋ ዘመድ ነው። ሌንስ አለው፣ መስቀል አለው፣ መስቀሉን የሚያንቀሳቅስ ብሎን አለው። ነገር ግን ሰርቬየሩ የሚሠራው በብርሃን ነው፤ ብርሃን ደግሞ በዚያ ርቀት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አረር ግን ከአፈሙዝ ከወጣበት ቅጽበት ጀምሮ ይወድቃል። ስለዚህ «ጠመንጃው ዜሮ ተደርጓል» ማለት መነጽሩና አረሩ በአንድ የተመረጠ ርቀት ላይ እንዲገናኙ ተደርገዋል ማለት እንጂ፣ በየትም ቦታ ይስማማሉ ማለት አይደለም።

መነጽሩ ከአፈሙዙ 4 ወይም 5 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ሁለቱ ትይዩ ቢሆኑ አረሩ መስቀሉ ያረፈበትን ነጥብ መቼም አይነካውም ነበር። ለዚህ ነው አፈሙዙ ከዕይታው መስመር አንጻር እምብዛም በማይታወቅ መጠን ቀና የሚደረገው። አረሩ 30 ሜትር ገደማ ላይ የዕይታውን መስመር ከታች ወደ ላይ ያቋርጣል፣ ጥቂት ከፍ ብሎ ይጓዛል፣ ከዚያ ወርዶ በሩቅ ዳግም ያገኘዋል። ዜሮ የሚባለው ይህ ሁለተኛው መገናኛ ነው። ለምሳሌ በደጋ አደን የተለመደው ባለ 300 ዊንቸስተር ማግነም በ200 ሜትር ዜሮ ቢደረግ፣ በ100 ሜትር ላይ 4 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ፣ በ300 ሜትር ላይ ደግሞ 20 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል። ትልቅ እንስሳ ላይ እስከ 250 ሜትር ድረስ መስቀሉን ልብ ላይ አሳርፎ መተኮስ የሚቻለው በዚህ ስሌት ነው።

በአገራችን የአደን ጠመንጃን ዜሮ ማድረግ በሕጋዊ መንገድ የሚታየው ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአደን ቦታዎች፣ በተለይም አርሲና ባሌ ውስጥ ነው፦ ሙኔሳ፣ ኦዶቡሉ፣ ደማሮ። የውጭ አዳኞች ያን ያህል መንገድ የሚመጡት በዓለም ላይ ሌላ ቦታ ለማይገኘው ለደጋ አጋዘን ነው፤ የአሥር ሳንቲማችን ጀርባ ላይ ቀንዱን ጠምዝዞ የቆመው እሱ ነው። ለሳይንስ የተዋወቀው ዘግይቶ ነው። አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1908 ገድሎ የወሰደውን፣ የተፈጥሮ ተመራማሪው ሪቻርድ ላይደከር በ1910 ስም አወጣለትና የገዳዩ ስም ተለጠፈበት። ዛሬ አደኑ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 ሥር በፈቃድና በኮታ የሚካሄድ ሲሆን፣ ባለሙያ አዳኝም አብሮ ይወጣል።

ጠመንጃው እዚያ የሚደርሰው በአውሮፕላን ሆድ ተጭኖ፣ ቦሌ ላይ ተፈትሾና ተመዝግቦ፣ ከዚያም በላንድክሩዘር ሲንገጫገጭ ውሎ ነው። በዚህ መሃል አንዲት ብሎን ብትላላ፣ መነጽሩ በፀጉር ስፋት ብቻ ቢዛነፍ፣ 200 ሜትር ላይ ልዩነቱ በሴንቲሜትር ይቆጠራል። «አገሬ አስተካክዬው ነው የመጣሁት» ብሎ ወረቀት ላይ ሳይተኩስ ወደ ጫካ ልግባ የሚል አዳኝ፣ እኔ ብጠየቅ፣ በዚያው መኪና ይመለስ እላለሁ። ሆዱ ላይ የተመታ አጋዘን አስታ ቁጥቋጦ ውስጥ ከገባ በኋላ ደሙን ተከትሎ ማግኘት የዕድል ነገር ነው።

ሥራው የሚጀመረው ሳይተኮስ ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ሁለቴ ይታያል። መነጽሩን የያዙት ቀለበቶች ብሎኖች እንደ መኪና ጎማ በመስቀለኛ ተራ በተራ ይጠብቃሉ፤ አንዱን ወገን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ቱቦውን ያጣምመዋል። ዓይንና መነጽር 9 ሴንቲሜትር ያህል መራራቅ አለባቸው፤ ከዚያ የተጠጋ ሰው ጠመንጃው ሲመልስ ቅንድቡ ላይ ግማሽ ጨረቃ ይታተምበታል። የኋላው ቀለበት የሚዞረው ኢላማውን ለማጥራት ሳይሆን መስቀሉን ለማጥራት ነው፤ ወደ ሰማይ ወይም ወደ ነጭ ግድግዳ እያዩ ማዞር ይበቃል። ቀጥሎ ቃታው ተነቅሎ ይወጣና ጠመንጃው አሸዋ በተሞላ ከረጢት ላይ ይደላደላል። ከኋላ በአፈሙዙ ቀዳዳ ሲታይ 25 ሜትር ላይ ያለው ወረቀት ክብ ውስጥ ይገባል፤ ጠመንጃው ሳይነካ የመነጽሩ ማዞሪያዎች ብቻ እየዞሩ መስቀሉ እዚያው ወረቀት ላይ ይመጣል። ይህን ያደረገ ሰው የመጀመሪያ ጥይቱ ወረቀቱን አይስትም።

ከ25 ሜትር በኋላ ወደ 100 ይኬዳል። ሦስት ጥይት በአንድ ነጥብ ላይ ይተኮሳል፤ ከረጢቱ የሚደግፈው እንጨቱን እንጂ አፈሙዙን አይደለም። አንዷን ጥይት አይቶ ማዞሪያ መንካት ክልክል ነው፤ አንዷ የትንፋሽ ወይም የምላጭ አሳሳብ ስህተት ልትሆን ትችላለች፣ የሦስቱ መሃል ግን ጠመንጃው የሚለውን ይናገራል። መሃሉ ከነጥቡ 6 ሴንቲሜትር ዝቅ፣ 3 ሴንቲሜትር ወደ ቀኝ ሆነ እንበል። ሚልራድ በሚባለው የማዕዘን መለኪያ በሚሠራ መነጽር፣ ማዞሪያው ሲዞር «ቀጭ» የሚልባት እያንዳንዷ ቀጭታ በ100 ሜትር ላይ 1 ሴንቲሜትር ታንቀሳቅሳለች። ለ200 ሜትር ዜሮ የምንፈልገው 4 ሴንቲሜትር ከፍ እንዲል ስለሆነ፣ 10 ቀጭታ ወደ ላይ፣ 3 ወደ ግራ። በብዙ የአሜሪካ መነጽሮች ላይ ደግሞ አንዷ ቀጭታ 7 ሚሊሜትር ገደማ ናት። በምንሽር ዘመን ነገሩ ተቃራኒ ነበር፤ አረሩ ወደ ቀኝ ከሄደ የፊት ማነጣጠሪያውም በመዶሻ መታ መታ እየተደረገ ወደ ቀኝ ይገፋል። በመነጽር ግን ማዞሪያው የሚዞረው አረሩ እንዲሄድ ወደሚፈለግበት ነው። ከብረት ማነጣጠሪያ ወደ መነጽር የተሸጋገረ ሰው የሚምታታበት እዚህ ላይ ነው።

ስለ ከፍታ ብዙ ይወራል። 3,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ ሩብ ያህል የሳሳ በመሆኑ አረሩ ፍጥነቱን ይቆጥባል፣ የሚወድቀውም ያነሰ ነው። እስከ 300 ሜትር ግን ልዩነቱ ጥቂት ሴንቲሜትር ነው፤ ከ400 ወዲያ ነው ጎልቶ የሚታየው። ባሌ ላይ ይበልጥ የሚያሳስተው ገደሉ ነው። የምድር ስበት የሚቆጥረው አግድም ያለውን ርቀት ብቻ ነውና፣ በ40 ዲግሪ ቁልቁለት 300 ሜትር የራቀ እንስሳ ለአረሩ 230 ሜትር ላይ እንዳለ ነው። ለ300 ብሎ ከፍ አድርጎ የተኮሰ ሰው በጀርባው ላይ ያሳልፈዋል። ሽቅብም ቢሆን ስሌቱ ያው ነው።

በመጨረሻ አፈሙዙ ይቀዘቅዝና በማግስቱ ጠዋት አንድ ጥይት ብቻ ይተኮሳል። በአደን ላይ ዋናዋ ጥይት ምንጊዜም ከቀዝቃዛ አፈሙዝ የምትወጣ ናትና፣ የምትታመነው እሷ ናት። ካረፈችበት ቦታ ጋር የጥይቱ ዓይነትና ክብደት በወረቀት ተጽፎ ሰደፉ ላይ ይለጠፋል። የሌላ ፋብሪካ ጥይት ከተጫነ ወረቀቱ ይነሳል፣ ሥራውም ከ25 ሜትር ይጀመራል።