ሴት፣ ጭቆናና የአእምሮ ሕመም በቀደምት ልብ ወለዶቻችን

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ዕብድ የተባለው ማን እንደሆነ ቢጠየቅ፣ መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ መልሱ አይቸግረውም፤ በተለመደው ስሙ ጉዱ ካሣ ነው። ከጭሮ፣ ከሂርና፣ ከበዴሳ፣ ከገለምሶና ከሚኤሶ ለሥራ ላይ ሥልጠና ወደ ኮሌጃችን ለመጡ የአማርኛ መምህራን ይኸው ጥያቄ በቀረበ ጊዜም ሁሉም ይህንኑ መለሱ። «ታዲያ በመጽሐፉ ውስጥ መንፈሱ ክፉኛ የተጎዳው ማን ነው?» የሚለው ሁለተኛው ጥያቄ ሲከተል ግን ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። ሰብለ ወንጌልን የጠራ አንድም ሰው አልነበረም። በዚህ ጽሑፍ ለማብራራት የተሞከረው ያ ጸጥታ ከየት እንደመጣ ነው።

እንደሚታወቀው ሁሉ ሰብለ የባላባቱ የፊታውራሪ መሸሻና የወይዘሮ ጥሩ አይነት ልጅ ናት። ወላጆቿ ለዘራችን የሚመጥን ባል አልተገኘም እያሉ ጠያቂዎቿን ሲመልሱ፣ በአገሩ ልማድ የማግባት ዕድሜዋ ያልፋል። በቤቱ የሚጎድል ነገር የለም፤ የሚጎድለው እሷን የሚጠይቅ ሰው ነው። ንባብና ጽሕፈት እንዲያስተምራት የተቀጠረው በዛብህ ሲወዳትና ስትወደው ይኸው የዘር ሚዛን እንደገና ይመጣባታል። ጠፍታ ትወጣለች፣ የምትወደውን በሞት ታጣለች፣ በመጨረሻም ትመነኩሳለች። ደራሲው ኀዘኗን በርኅራኄ ይጽፋሉ። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ «ኀዘን»፣ «ናፍቆት»፣ «ፍቅር» በሚሉ ቃላት ስለሚነገር፣ አንባቢው የጉዳቱን ምንጭ በቤቱ ሥርዓት ውስጥ ከመፈለግ ይልቅ በዕድሏ ላይ ያላክካል።

ዕብደቱ የተሰጠው ለወንድ ነው። ካሣ ገረዱን ያገባ፣ ባላባቱንና ልማዱን በአደባባይ የሚነቅፍ ሰው ነውና ሕዝቡ «ጉዱ» አለው። (በነገራችን ላይ አፋቸውን በአፋን ኦሮሞ ለፈቱ ተማሪዎች ይህ ቅጽል መፈታት አለበት፤ በእነርሱ ቋንቋ «ጉዳ» ማለት ትልቅ ማለት ስለሆነ ስሙን የክብር ስም አድርገው ሊወስዱት ይችላሉ።) ዕብደቱ ለካሣ መሸፈኛ ሆነለት፤ ጤነኛ ቢናገረው የሚያስቀጣውን ቃል እሱ ሲናገረው ይሳቅበታል፣ ይታለፋል።

ቃልን በመሸፈኛ መናገር በጽሑፋችን አዲስ አልነበረም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት ሲጽፉ የመንግሥቱን ነውር በእንስሳት አንደበት ነበር ያናገሩት። ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ከመታገድ አልዳነም። እኒሁ ሰው በኋላ የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን ያቀኑ ስለሆኑ፣ የአካባቢያችን መምህራን ይህን ታሪክ ለማስተማር ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለባቸውም።

ለሴት ገጸ ባሕርይ የተሰጠው መሸፈኛ ግን የተለየ ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ውስጥ ጦቢያ ከቤት ወጥታ መንገድ ለመሄድ የወንድ መልክ መያዝ ነበረባት። ከ58 ዓመት በኋላ ሰብለም ከአባቷ ግቢ ስትወጣ የወንድ መነኩሴ መስላ ነው። በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ስንት መንግሥትና ስንት ጦርነት አልፏል፤ የሴቲቱ መውጫ በር ግን ያው ነው። ደግሞም መሸፈኛው ለእግሯ እንጂ ለአፏ አልሆነም። ካሣ ዕብደቱን ለብሶ ይናገራል፤ ሰብለ የወንድ ልብስ ለብሳ ትሸሻለች።

የሴት አእምሮ ሲታወክ ከውስጥ ሆኖ የሚያሳይ ቀደምት ድርሰት ለማግኘት ወደ ሌላ አገር መመልከት ግድ ይሆናል። አሜሪካዊቷ ሻርሎት ፐርኪንስ ጊልማን እ.ኤ.አ. በ1892 «ቢጫው የግድግዳ ወረቀት» የተሰኘ አጭር ልብ ወለድ አሳተመች። ባለታሪኳ በቅርቡ የወለደች ሴት ናት። ባሏ ሐኪም ነው፤ ይወዳታል፣ ይንከባከባታልም። ዕረፍት ያስፈልግሻል ብሎ መስኮቱ የብረት ዘንግ ባለበት ክፍል ያስቀምጣታል፤ እንዳትጽፍም ይከለክላታል። እሷ ግን እየተደበቀች ትጽፋለች፤ የምናነበው ያንኑ ማስታወሻ ነው። ቀናት ሲያልፉ ከግድግዳው ወረቀት ቅርጽ በስተጀርባ ለመውጣት የምትታገል ሴት ማየት ትጀምራለች። ታሪኩ ከባዶ የመጣ አይደለም። ጊልማን ራሷ ከወለደች በኋላ በገጠማት ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1887 በዘመኑ ስመ ጥር በነበረው ሐኪም በዊር ሚቸል ዘንድ ታክማ ነበር፤ የታዘዘላትም የቤት ኑሮ ብቻ እንድትኖርና ብዕር እንዳትነካ ነው። ትእዛዙን ስትፈጽም ሕመሙ እንደባሰባት በኋላ ጽፋለች።

በዚህ ድርሰት ላይ ልናተኩር የሚገባን ባልየው ክፉ ባለመሆኑ ነው። ጨቋኝ ሲባል ዱላ የያዘ ሰው ብቻ የሚታየው ተማሪ፣ ሰውን በእንክብካቤ ስም ዝም ማሰኘትም ጭቆና መሆኑን ከዚህ ይረዳል። ፊታውራሪ መሸሻም ልጃቸውን አይጠሉም።

ባለታሪኳ በእኛ አነጋገር አራስ ናት። አራስን ብቻዋን መተው በልማዳችን ነውር ነው፤ በራስጌዋ ብረት ይቀመጣል፣ ሰው ከአጠገቧ አይለይም። በኦሮሞ ባህልም ሴቶች በ«ሸነን» ዕለት ተሰብስበው አራሷን ይመርቃሉ። እንግዲህ ሊቅ የተባለው ሐኪም ለብቻ መቀመጥን ሲያዝ፣ ያልተማሩት ሴቶች የሰውን መኖር አዘዋል። ባህል ሁሉ ይጨቁናል ብሎ ለሚደመድም መምህር ይህ ማስታወሻ ይሁነው። በአንጻሩ ደግሞ ያ የአራስ ቤት ጓደኝነት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሲያበቃ ሴቲቱ የልቧን የምትናገርበት ስፍራ ይጠባል። ዛር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሲሞን ሜሲንግ በ1950 ዓ.ም. ገደማ ባሳተመው ጥናት የኢትዮጵያን የዛር ማኅበር እንደ ቡድን ሕክምና ተመልክቶታል፤ አይ. ኤም. ሉዊስም እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው መጽሐፍ እንዲህ ያለውን ልማድ የተገፉ ሴቶች ድምፅ አድርጎ ተርጉሞታል። ሚስት ብትጠይቅ የማታገኘውን ልብስና ሽቶ ዛሯ ሲጠይቅ ባል ይሰጣል። ለካሣ ዕብደቱ የሆነለት ለእሷ ዛሯ ሆነላት ማለት ይቻላል። ለእኔ እንደሚመስለኝ ይህ ትርጓሜ ሁሉን አይገልጽም፤ የሚሠቃይ ሰው ሥቃዩ እውነተኛ ነው፣ ልብስም አያድነውም።

ሕክምናው ቢፈለግስ የት ነበር? ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ነበር። ከአሰበ ተፈሪ ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ይጠይቅ ነበር። የሕጉም ነገር እንዲሁ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት ሕጋዊ በሆነ ጋብቻ ካገባ ከክስ ያድነው ነበር፤ ይህ ድንጋጌ የቀረው በ1997 ዓ.ም. ሕግ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲታተም ሥራ ላይ የነበረው የመጀመሪያው ሕግ መሆኑን ለተማሪ መንገር ተገቢ ነው።

የሴት ብዕር አልነበረም ወይ ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ስንዱ ገብሩ «የልቤ መጽሐፍ»ን ያሳተሙት በ1942 ዓ.ም. ነው። ከወረራው ዘመንና ከስደት እስር የወጡ ሴት ነበሩና ልባቸው ይበልጡን ያዘነበለው ወደ አገር ቁስል ነው። የቤት ውስጥ ቁስል ጽሑፍ ሌላ ትውልድ ጠበቀ።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል። መምህሩ ሐኪም አይደለም፤ ለሰብለም ሆነ በክፍሉ ውስጥ ዝም ለምትል ተማሪ የበሽታ ስም ማውጣት ሥራው አይደለም። ሥራው ማን እንደተናገረና ማን እንዳልተጠየቀ ከጽሑፉ ማሳየት ነው። ለዚህም በኮሌጃችን «ካሣ ስለምን ጉዱ ተባለ?» ከሚለው የቆየ ጥያቄ ጎን አንድ ሌላ ጨምረናል፤ «ሰብለ ስለ ትዳሯ ምን እንደምትፈልግ ከቤተሰቧ መካከል የጠየቃት ማን ነው? ገጹን ጥቀስ።» ሠልጣኞቹ መጽሐፉን ይዘው ከአንድ ሰዓት በላይ ገለጡ። ከመካከላቸው አንዲት የሁለተኛ ደረጃ መምህርት መጽሐፏን ዘግታ፣ ባለፈው ዓመት ትምህርቷን አቋርጣ የተዳረች አንዲት ተማሪዋን አስታወሰች፤ «ምልክቷን በመዝገብ ላይ ‘ቀሪ’ ብዬ ነው የጻፍኩት፤ እኔም አልጠየቅኋትም» አለች።