ዳታቤዙን ማን ይዘጋዋል?

እ.ኤ.አ. በ2000 ሪቻርድ ሂፕ የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር ለአገሩ ባሕር ኃይል ሶፍትዌር ይጽፍ ነበር። ሶፍትዌሩ ሚሳኤል የታጠቀች የጦር መርከብ ጉዳት ሲደርስባት የትኛው ቫልቭ ተከፍቶ የትኛው መዘጋት እንዳለበት ያሰላል። ለዚህ የሚያስፈልገውን መረጃ የሚወስደው ለብቻው ከሚሠራ የኢንፎርሚክስ ዳታቤዝ ሰርቨር ነበር። ታዲያ ሰርቨሩ በወደቀ ቁጥር የሂፕ ፕሮግራም ምንም ሳይሆን ሥራው ይቆማል፤ የስሕተቱን መልእክት ስክሪን ላይ የሚያወጣው እሱ ስለሆነም ወቀሳው ወደ እሱ ይመጣል። መረጃው እዚያው ዲስክ ላይ ተቀምጦ ሳለ ሰርቨር መሀል የሚገባው ለምንድን ነው ሲል ጠየቀ። ኤስኪውላይት የተባለው ዳታቤዝ የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ዛሬ ኤስኪውላይት የሌለበት ስማርት ስልክ ማግኘት ያስቸግራል። አንድሮይድም አይፎንም ይዘውት ይወጣሉ። ክሮምና ፋየርፎክስ የጎበኘናቸውን ገጾች ታሪክ ያስቀምጡበታል። ዋትስአፕ በአንድሮይድ ስልክ ላይ የምንጻጻፈውን የሚያከማቸው በእሱ ፋይል ነው። አዘጋጆቹ በዓለም ላይ በሥራ ላይ ያሉት የኤስኪውላይት ዳታቤዞች ከ1 ትሪሊዮን እንደሚበልጡ ይገምታሉ። እያንዳንዱ ዳታቤዝ ተራ ፋይል ነው፤ የሚከፍተውም የሚዘጋውም የሚጠቀምበት ፕሮግራም ራሱ ነው።

ሰርቨሩ ሲወገድ ግን አብሮት የሄደ ነገር አለ። እንደ ፖስትግሬስ ወይም ማይኤስኪውኤል ያለ የዳታቤዝ ሰርቨር ከሚያገለግላቸው ፕሮግራሞች ተለይቶ ይኖራል። ፕሮግራሙ በድንገት ቢሞት ሰርቨሩ ግንኙነቱ መቋረጡን ያያል፤ በጅምር የቀረውን ሥራ ይሰርዛል፤ የተያዘውን ይለቃል። ኤስኪውላይት ግን የፕሮግራሙ አካል ነው፤ ፕሮግራሙ ሲሞት አብሮ ይሞታል። በኋላ የሚያጸዳ የለም። ስለዚህ ፋይሉን በሥርዓት የመዝጋት ሥራ ከሁለት ሰዎች በአንዱ ላይ ይወድቃል፤ ወይ ከመውጣቱ በፊት የሚጨርሰው ወጪው ነው፣ ወይ ደግሞ ነገ ፋይሉን የሚከፍተው ገቢ። ኤስኪውላይት ለሁለቱም ተዘጋጅቷል። መረጃ የሚጠፋው በአብዛኛው በሁለቱ መሀል ሦስተኛ እጅ ሲገባ ነው።

ይህን ለመረዳት አንድ ጽሑፍ ወደ ዲስክ እንዴት እንደሚደርስ ማየት ያስፈልጋል። ኤስኪውላይት ፋይሉን በገጽ በገጽ ይከፍለዋል፤ የተለመደው የገጽ መጠን 4096 ባይት ነው። በአንድ ፋርማሲ ውስጥ አንድ መድኃኒት ሲሸጥ የሽያጩ ገጽ ይለወጣል፣ የክምችቱ ገጽ ይለወጣል፣ መፈለጊያ ማውጫዎቹም ይለወጣሉ። አንድ ሽያጭ ቢሆንም ዲስኩ ላይ የሚነካው በርካታ ቦታ ነው። በዚያ ላይ ፕሮግራሙ «ጻፍ» ያለው ሁሉ ወዲያው ዲስክ ላይ አያርፍም። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ፍጥነት ለማግኘት ሲል ጽሑፉን ለጊዜው ሚሞሪ ላይ ያቆየዋል፣ ዲስኩም የራሱ ማቆያ አለው። መብራት በዚህ መሀል ቢሄድ ሽያጩ ተመዝግቦ ክምችቱ ያልተቀነሰበት፣ ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ የሆነ ፋይል ሊቀር ይችላል።

የኤስኪውላይት የመጀመሪያ መፍትሔ ጆርናል ይባላል። አንድን ገጽ ከመለወጡ በፊት የገጹን የቀድሞ መልክ ወደ ሌላ ፋይል ይገለብጣል፤ ያ ፋይል በእርግጥ ዲስክ ላይ እስኪያርፍ ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው ዋናውን ፋይል የሚነካው። ሥራው ሲያልቅ ጆርናሉን ያጠፋዋል፤ ለውጡ ጸደቀ የሚባለውም ጆርናሉ የጠፋባት ቅጽበት ናት። ከዚያች ቅጽበት በፊት መብራት ከጠፋ ጆርናሉ ሳይነካ ይቀራል። በሚቀጥለው ጊዜ ዳታቤዙን የሚከፍት ማንም ይሁን ማን፣ ኤስኪውላይት ያንን ፋይል ሲያገኝ የቀደሙትን ገጾች ወደ ቦታቸው ይመልሳል። ተጠቃሚው ምንም አያውቅም። እኔ ከሶፍትዌር ጥበብ ሁሉ ይህን ያህል የማደንቀው ጥቂት ነው፤ ዛሬ የሚጽፈው ሰው ነገ ለማያውቀው ሰው ማስረጃውን ትቶለት ይሞታል፣ ያኛው ደግሞ ማስረጃውን አንብቦ ሥራውን ያቃናለታል።

ሁለተኛው መንገድ በ2010 ከ3.7.0 ዕትም ጋር የመጣው ነው፤ ዛሬ ብዙ አፖች የሚጠቀሙት እሱን ነው። እዚህ ላይ ዋናው ፋይል በየሽያጩ አይነካም። ባለሱቅ ቀኑን ሙሉ በትንሽ ደብተር ሲጽፍ ውሎ ማታ ወደ ትልቁ መዝገብ እንደሚያዞረው፣ ኤስኪውላይትም አዲሱን ገጽ ሁሉ ከዋናው ፋይል ጎን ባለ ሌላ ፋይል ላይ ይጨምራል። ይህ ፋይል የዳታቤዙን ስም ይዞ መጨረሻው ላይ ከሰረዝ ቀጥሎ «ዋል» የሚል ምልክት ያለበት ነው። ወደ 1000 ገጽ ሲደርስ፣ ማለትም 4 ሜጋባይት አካባቢ ሲሆን፣ የተጻፈው ወደ ዋናው ፋይል ይዞራል። የመጨረሻው ግንኙነት በሥርዓት ሲዘጋም እንዲሁ፤ ያልዞረው ሁሉ ይዞራል፣ የዋል ፋይሉም ይጠፋል። ከዚህ በኋላ ዳታቤዙ አንድ ፋይል ብቻ ነው፣ ሙሉ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ብዙ ፕሮግራመሮች የሚስቱት ነጥብ ነው። መዝጋት ማስቀመጥ ማለት አይደለም። የመረጃው ደኅንነት የሚወሰነው ቀደም ብሎ፣ ለውጡ ሲጸድቅ ነው፤ ፕሮግራመሮች ኮሚት የሚሉት ይህ ነው። ትራንዛክሽን፣ ማለትም አንድ ላይ የሚጸድቅ የለውጥ ጥቅል፣ ተጀምሮ ሳይጸድቅ ግንኙነቱ ከተዘጋ ኤስኪውላይት ጅምሩን ይሰርዘዋል፣ መሰረዙም ትክክል ነው፤ ያላለቀን ሒሳብ እንዳለቀ አድርጎ መመዝገብ ሐሰት መጻፍ ይሆናል። በፓይተን የሚጽፉ ደግሞ የተገላቢጦሹ ያጋጥማቸዋል። «ዊዝ» በሚለው ትእዛዝ ሥር የኤስኪውላይት ግንኙነት ሲከፍቱ ሥራው ሲያልቅ የሚዘጋላቸው ይመስላቸዋል። ፋይል ሲከፈት እንደዚያ ነው፤ የኤስኪውላይት ግንኙነት ግን በዚያ ትእዛዝ ይጸድቃል ወይም ይሰረዛል እንጂ አይዘጋም። የመዝጊያውን ትእዛዝ ለብቻው መጻፍ ያስፈልጋል። የፓይተን 3.13 ዕትም ሳይዘጋ የቀረ ግንኙነት ሲያገኝ ማስጠንቀቂያ መስጠት የጀመረውም ለዚህ ነው።

የመዝጊያው ትእዛዝ ራሱ እምቢ ሊል ይችላል። ፕሮግራሙ አንድ ጥያቄ ለዳታቤዙ አዘጋጅቶ ውጤቱን እያነበበ ሳለ ግንኙነቱን ልዝጋ ቢል፣ ኤስኪውላይት «ሥራ ላይ ነኝ» የሚል መልስ በቁጥር 5 ይሰጣል፣ ግንኙነቱም ክፍት ሆኖ ይቀጥላል። ችግሩ መልሱን የሚያነብ ጥቂት መሆኑ ነው። ትእዛዙ ተጽፏል፤ ፕሮግራመሩ ተዘግቷል ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፤ በጎን የሚሠሩ የፕሮግራሙ ክሮች (ትሬዶች) ይቁሙ፣ የተዘጋጁ ጥያቄዎች ይፈቱ፣ ጅምር ትራንዛክሽን ይጽደቅ ወይም ይሰረዝ፣ ከዚያ ይዘጋ፣ መልሱም ይነበብ። በ2012 ሌላ የመዝጊያ ትእዛዝ ተጨምሯል። እሱ እምቢ አይልም፤ የቀሩት ጥያቄዎች አንድ በአንድ እስኪፈቱ ግንኙነቱን በዝምታ አቆይቶ በራሱ ጊዜ ይዘጋል። ሚሞሪን ራሳቸው ለሚያጸዱ ቋንቋዎች ታስቦ የተሠራ ነው፤ ለእነሱ ጠቃሚ ቢሆንም ዳታቤዙ በእርግጥ መቼ እንደተዘጋ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ግን የቀድሞው ይሻላል።

በጃቫ የሚጽፉ ሰዎች የሚያውቁት አፓቼ ደርቢ ደግሞ ሲዘጋ የራሱ ጠባይ አለው። ይህ ዳታቤዝ ክላውድስኬፕ ተብሎ ተጀምሮ በአይቢኤም እጅ ከቆየ በኋላ በ2004 ለአፓቼ የተሰጠ ነው። የሚዘጋው የመዝጊያ ቃል በያዘ አዲስ የግንኙነት ጥያቄ ነው። መዘጋቱን የሚያበሥረው ደግሞ በስሕተት መልእክት ነው፤ መላው ሞተር ሲዘጋ ኤክስጄ015፣ አንድ ዳታቤዝ ብቻ ሲዘጋ 08006። ጀማሪ ይደነግጣል፤ ያጠፋው ነገር ያለ ይመስለዋል። ትክክለኛው ፕሮግራም ይህን መልእክት ይዞ ቁጥሩን ያያል፤ የተጠበቀው ቁጥር ከሆነ ሥራው ተሳክቷል። ደርቢ ሳይዘጋ ቢቀርም መረጃው አይጠፋም፤ በሚቀጥለው መነሻ የሥራ መዝገቡን አንብቦ ራሱን ያቃናል፣ መነሳቱ ግን ይዘገያል።

የሰነፍ ምክንያት ይመስላል እንጂ፣ ጨርሶ መዝጋት የማይቻልባቸው ጊዜዎችም አሉ። አንድሮይድ ሚሞሪ ሲያጥረው ከጀርባ የተቀመጠን አፕ ሳያስጠነቅቅ ይገድላል። የመዝጊያው ትእዛዝ አፑ ሲሞት ይጠራል ተብሎ በሚታሰብ ቦታ ላይ ከተጻፈ ሳይጠራ ሊቀር ይችላል። የመብራት መቆራረጡም አለ። ዩፒኤስ በሌለው ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተሩ ቀጥ ሲል ፕሮግራሙ የመጨረሻ ቃል የመናገር ዕድል የለውም። ስለዚህ ለእኛ አገር ሱቅና ክሊኒክ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሽያጩን ወዲያው ያጽድቅ፤ ማታ ሲዘጋ አንድ ላይ ለማጽደቅ አያቆይ። በዋል መንገድ ሲሠራ «ኖርማል» የሚባለውን የጥንቃቄ ደረጃ ከመረጠ ፍጥነት ያገኛል፣ ፋይሉም አይበላሽም፤ ነገር ግን መብራት ሲጠፋ የመጨረሻዎቹ የጸደቁ ሽያጮች ሊሰረዙ ይችላሉ። «ፉል» የሚለው እያንዳንዱን ማጽደቅ ዲስክ ላይ እስኪያርፍ ይጠብቃል። ገንዘብ የሚቆጠርበት ቦታ ላይ ፉል ይሁን እላለሁ፤ ደንበኛው ከፍሎ ሄዷል፣ ሽያጩን መልሶ የሚነግረን የለም።

ከመዝጋት ጋር የተያያዘ አንድ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ልምድ ያላቸውንም ይይዛል። በሊኑክስና በማክ ላይ ኤስኪውላይት ሌላ ፕሮግራም በመሀል እንዳይጽፍ ፋይሉን ይቆልፋል። የእነዚህ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች አሮጌ ደንብ ግን እንዲህ ይላል፤ አንድ ፕሮግራም አንድን ፋይል ሁለቴ ከፍቶ አንዱን ቢዘጋ፣ በዚያ ፋይል ላይ የያዛቸው ቁልፎች ሁሉ ይለቀቃሉ። ፕሮግራመሩ በኤስኪውላይት በኩል የከፈተውን ዳታቤዝ ባክአፕ ልውሰድ ብሎ እንደ ተራ ፋይል በሌላ በኩል ከፍቶ፣ ገልብጦ፣ በጥንቃቄ ሲዘጋው ኤስኪውላይት የያዘውን ቁልፍ ሳያውቅ ፈታው ማለት ነው። በዚያ ቅጽበት ሌላ ፕሮግራም ገብቶ ቢጽፍ ፋይሉ ይበላሻል። ክፍት ዳታቤዝን በተራ የፋይል ትእዛዝ አለመንካት ነው።

ሦስተኛው እጅ ያልኩት የሚገባው ግን በብዛት በሰው በኩል ነው። ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ባለሙያ ይጠራል። ከዳታቤዙ ጎን ስሙን የማያውቀው ጆርናል ወይም የዋል ፋይል ያያል፤ ቆሻሻ መስሎት ያጠፋዋል፤ ወይም ዋናውን ፋይል ብቻ በፍላሽ ገልብጦ ይሄዳል። ጆርናሉ ከጠፋ ግማሽ የተለወጠው ፋይል መመለሻ የለውም። የዋል ፋይሉ ከጠፋ ወይም ሳይገለበጥ ከቀረ ደግሞ ወደ ዋናው ያልዞረው ሽያጭ ሁሉ ከጸደቀ በኋላ ይጠፋል። ፋይሉ ይከፈታል፣ ጤነኛ ይመስላል፣ የቅርብ ጊዜው ሥራ ግን የለበትም። ባለሱቁ ይህን የሚያውቀው ዱቤ የወሰደ ሰው ሊከፍል መጥቶ ስሙ ሲታጣ ነው።

የሱቁን ፕሮግራም ከአሮጌ ወደ አዲስ ኮምፒውተር ለሚያዛውር ሰው ሥራው እንዲህ ይሁን። ፕሮግራሙ ድንገት ቆሞ ከነበረ መጀመሪያ እዚያው ቦታ ላይ ከነጎን ፋይሎቹ ይከፈት፤ ማቃናቱን ራሱ ይሠራል። ከዚያ በመውጫው በኩል ይዘጋ። የዋል ፋይሉ ከጎን መጥፋቱ ይታይ፤ ካልጠፋ አንድ ፕሮግራም ዳታቤዙን አሁንም ይዞታል፣ ወይም መዝጋቱ በሥርዓት አላለቀም። ፕሮግራሙን ማቆም ካልተቻለ ከ2019 ጀምሮ ኤስኪውላይት ክፍት ዳታቤዝን ወደ አዲስና ሙሉ ፋይል የሚገለብጥ የራሱ ትእዛዝ አለው፤ «ቫኪዩም ኢንቱ» ይባላል። አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ቅጂው ሲከፈት የምርመራ ትእዛዙ ይሰጠው፤ የሁሉም ገጽ ቅንብር ትክክል ከሆነ የሚመልሰው «ኦኬ» ብሎ ነው። ከዚያም የመጨረሻው ቀን ሽያጭ ከወረቀት ደረሰኙ ጋር ይመሳከር። ሁለቱም እስኪረጋገጡ ድረስ የአሮጌው ኮምፒውተር ዲስክ አይጥፋ።