ሥራ ለመጀመር ላሰባችሁ ወጣቶቻችን

በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው ጉዳይ ወጣቶች በየሻይ ቤቱ የሚያወሩት፣ ወላጆችም በጭንቀት የሚጠይቁት ነው። «ራሽኑ ቀነሰ፣ ፕሮሰሱ ዘገየ፣ ታዲያ እስከ መቼ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን?» የሚል ጥያቄ በየብሎኩ ይሰማል። ከዚህ የተነሳ ጥቂት ሽልንግ አጠራቅመው ወይም ውጭ ካለ ዘመድ ተልኮላቸው ንግድ ለመጀመር የሚያስቡ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ሐሳቡ መልካም ነው። ይሁንና ያቺ ጥቂት ሽልንግ ከጠፋች ለመተካት ምን ያህል እንደምታስቸግር ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ብታስቡባቸው የምንላቸውን ነገሮች እንደሚከተለው አቅርበናል።

እንደሚታወቀው ካኩማ በ1992 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። የእኛ ሰዎች ምግብ ቤትና ሱቅ ከፍተው በካምፑ ገበያ የታወቁ ሆነዋል። የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ካምፑና የካኩማ ከተማ በአንድነት ከ2,000 በላይ የንግድ ቤቶች እንዳሏቸውና በዓመት 56 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚንቀሳቀስበት ገበያ እንደሆኑ ገልጿል። ስለዚህ ገበያ አለ። ነገር ግን የደንበኛው ኪስ በአብዛኛው ከዕርዳታው ጋር የተያያዘ ነው። በ2025 የዓለም ምግብ ፕሮግራም ዕርዳታውን ሲቀንስ ገበያው እንዴት እንደቀዘቀዘ ያየን እናውቃለን። «እከሌ አምና ከብሮበታል» ብሎ ብቻ መግባት የማያዋጣውም ለዚህ ነው።

የጎረቤትን ሱቅ አትድገሙ

አንዱ ሱቅ ሲከፍትና ሲቀናው በሳምንቱ ከጎኑ ሦስት ተመሳሳይ ሱቆች ይከፈታሉ። ሦስቱም ያንኑ ስኳር፣ ያንኑ ሳሙናና ያንኑ ዘይት ይዘው አንዱን ደንበኛ ይሻማሉ። በመሆኑም መጀመሪያ አንድ ሁለት ሳምንት ገበያውን ዞራችሁ እዩ። በብሎካችሁ ያሉ ሰዎች ምን ለማግኘት ነው ሩቅ የሚሄዱት? ልብስ ለማሰፋት ነው? የተበላሸ ስልክ ለማሠራት ነው? ፀጉር ለመሠራት ነው? ዕቃ ገዝቶ መሸጥ ብቻ አይደለም ንግድ የሚባለው። የእጅ ሙያ ያለው ሰው ትንሽ መነሻ ይበቃዋል፣ ዕቃውም በሙቀት አይበላሽበትም።

ደንበኛ ሲባል ደግሞ ኢትዮጵያዊ ብቻ አይምሰላችሁ። ሶማሌው፣ ደቡብ ሱዳናዊው፣ ኮንጎዋዊውና የአገሩ ባለቤት ቱርካናው ሁሉ ይገዛል። ስዋሂሊ የሚችል ወጣት ከማይችለው ይልቅ ሰፊ ገበያ አለው። ከቱርካና ጎረቤቶቻችን ጋር በክብር መገበያየትም ለገበያ ብቻ ሳይሆን ለሰላማችንም ይጠቅማል።

የሸጡት ሁሉ ትርፍ አይደለም

ብዙ ትንንሽ ንግዶችን የሚገድለው የገበያ ማጣት ሳይሆን ሂሳብ አለመያዝ ነው። በምሳሌ እንየው። አንዲት ወጣት በ5,000 ሽልንግ ሻይ ቤት ጀመረች እንበል። በቀን 60 ሲኒ ሻይ በ20 ሽልንግ ብትሸጥ 1,200 ሽልንግ ይገባል። ለስኳር፣ ለወተት፣ ለቅጠል፣ ለከሰልና ለውሃ 780፣ ለምትረዳት ልጅ 150 ብታወጣ የሚተርፋት 270 ብቻ ነው። ማታ 1,200 ሽልንግ እጇ ላይ ስላየች 500ውን ለቤት ወጪ ብታደርገው በየቀኑ 230 ሽልንግ ከመነሻዋ ትበላለች ማለት ነው። በዚህ አካሄድ 5,000ው በ22 ቀን ገደማ ያልቃል። እሷ ግን «ገበያው ጥሩ ነበር፣ ገንዘቡ የት እንደገባ አላውቅም» ትላለች።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። አንድ ደብተር ግዙ። በአንድ በኩል የገባውን፣ በሌላው በኩል የወጣውን በየማታው ጻፉ። የቤትንና የሱቅን ገንዘብ በአንድ ኪስ አትያዙ። እቤት የምትወስዱትን በሳምንት ይህን ያህል ብላችሁ ወስኑና ከዚያ አትለፉ። ከሱቁ ወስዳችሁ የምትበሉትን ዳቦና ስኳርም ጻፉት፤ እሱም ወጪ ነው።

ዱቤ

በካምፕ ኑሮ ጨርሶ ዱቤ አልሰጥም ማለት ይከብዳል። ጎረቤት ነው፣ ልጆች አሉት፣ ዕርዳታ እስኪመጣ ነው። ሆኖም ይህችን ሂሳብ ተመልከቱ። በ900 ሽልንግ የገዛችሁትን ዕቃ በ1,000 በዱቤ ሰጥታችሁ ሰውየው ሳይከፍል ቢቀር፣ የጠፋውን 900 ለመመለስ እንዲሁ 100 ሽልንግ የሚያተርፍ ሽያጭ ዘጠኝ ጊዜ መሸጥ ይኖርባችኋል። ዘጠኙንም የለፋችሁት ወደ ዜሮ ለመመለስ ነው።

ስለዚህ በጠቅላላ ከመነሻችሁ ስንት እጁን ለዱቤ እንደምትሰጡ አስቀድማችሁ ወስኑ። ለእያንዳንዱ ቤተሰብም ጣሪያ አብጁለት፣ የወሰደውንም ፊት ለፊቱ ጻፉ። የቀድሞው ሳይከፈል አዲስ አትስጡ። ይህን ስናደርግ ግን የደንበኛን የዕርዳታ ካርድ ወይም ሲም ካርድ መያዣ አድርጎ ማስቀመጥ ነውር መሆኑን እንዳንረሳ። የልጆች ምግብ ነው፤ ነገ የሚያስጠይቅም ነው።

እቁብና ብድር

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ አባቶቻችን። ከአራጣ አበዳሪ ተበድሮ መጀመር በወለድ መታነቅ ነው። ከዚያ ይልቅ እቁብ ይሻላል። አሥር ሰዎች በየሳምንቱ 500 ሽልንግ ቢጥሉ ለደረሰው 5,000 ሽልንግ ይሆናል፤ ወለድም የለውም። ነገር ግን እቁብ የሚጣለው ከትርፍ እንጂ ከመነሻው አይደለም። ዕቃ መግዣውን እየነቀሉ እቁብ የሚጥሉ ወጣቶች ዕጣው እስኪደርሳቸው ሱቁ ባዶ ይሆንባቸዋል። ዕጣ ቀድሞ የወጣለትም ሰው እስከ መጨረሻው እንዲከፍል ዋስ መያዝ አይዘንጋ።

ሸሪክ ሲኖር

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው ሁለት ሦስት ሆኖ መጀመር ጥሩ ነው። የሚያጣላው ግን ቃል ብቻ ይዞ መጀመር ነው። ማን ስንት እንዳወጣ፣ ማን በየትኛው ሰዓት እንደሚሠራ፣ ትርፉም ኪሳራውም እንዴት እንደሚከፈል በወረቀት ጽፋችሁ በሽማግሌ ፊት ፈርሙ። በእኛ ኑሮ ሌላም የሚጨመር አለ። ከሸሪኮቹ የአንዱ ፕሮሰስ ደርሶ በድንገት ቢሄድስ? ድርሻው በምን ዋጋ ይገመታል? ማን ይገዛዋል? በስንት ጊዜ ይከፈለዋል? ይህ ሳይጻፍ ቀርቶ ተለያይቶ መካሰስ ያሳዝናል። «እኔ መሄጃዬ ስለደረሰ ምን አደክመኝ» የሚልም አለ። የምትማሩት ሂሳብና የምታተርፉት ጠባይ ግን በሄዳችሁበት ሁሉ አብሯችሁ ይሄዳል።

ስልክ፣ ፈቃድና የዝናብ ወራት

ኤም-ፔሳ በኬንያ ከተጀመረ ከ2007 ወዲህ ብዙው ግብይት በስልክ ሆኗል። መስመሩ በራሳችሁ ስም የተመዘገበ ይሁን፤ በሌላ ሰው ስም ከሆነ ጠብ የመጣ ዕለት ገንዘቡ የማን እንደሆነ ማስረዳት ይቸግራል። ደንበኛ «ልኬያለሁ» ብሎ የራሱን ስልክ ቢያሳያችሁ በዚያ ብቻ ዕቃ አትስጡ። የእናንተው ስልክ ላይ ሂሳቡ መጨመሩን እዩ። የሚስጥር ቁጥራችሁን ለወንድማችሁም ቢሆን አትንገሩ።

በ2021 የወጣውና በየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የኬንያ የስደተኞች ሕግ ስደተኛ በግልም ሆነ በቡድን ሠርቶ ወይም ነግዶ መተዳደር እንደሚችል ይደነግጋል። ይህ ማለት ግን ያለ ፈቃድ ይነገዳል ማለት አይደለም። የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው የቱርካና ካውንቲ አስተዳደር ነው። ክፍያውን ከመነሻችሁ ላይ ቀድማችሁ አስሉ፣ ደረሰኙንም በላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ።

ዕቃው ከኪታሌ በሎድዋር በኩል ረጅም መንገድ ተጉዞ እንደሚመጣም አትርሱ። ዝናብ ጥሎ ላጋው ሲሞላ መኪና ይቆማል፣ ዋጋም ይንራል። ከዚያ በፊት የማይበላሸውን ዕቃ ትንሽ ማከማቸት፣ ዱቄትና ስኳርን ከመሬት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ብልህነት ነው።

ለወላጆች

በመጨረሻም ለወላጆች አንድ ነገር እንበል። ልጃችሁ ሱቅ ሲከፍት ዘመድ ሁሉ በነፃ የሚወስድበት ጓዳ አታድርጉበት። ለሴት ልጃችሁም ውሃ መቅዳቱንና ምግብ ማብሰሉን ሁሉ ጭናችሁ «ንግዱን አላወቀችበትም» አትበሏት፤ ጊዜ ስጧት። እናንተም ወጣቶች ካላችሁ ገንዘብ ሁሉንም በአንድ ቀን አታውጡ። በግማሹ ጀምሩና ሁለት ወር ደብተራችሁን እዩት። ደብተሩ አያዋጣም ካለ፣ ግማሹ ሳይነካ ሥራ ለመቀየር ትችላላችሁ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለእንደናንተ ያለው ነው።

ገበያው ይቅናችሁ።