የፔንግዊኑ ባለቤት ማን ነው?

ሊኑክስ የተባለው ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት መለያ የሆነው ፔንግዊን፣ ታክስ፣ የተሳለው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ፔንግዊን ይሁን ያለው የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ሲሆን፣ የሳለው ደግሞ ላሪ ኢዊንግ ጊምፕ በተባለው ነፃ የሥዕል ፕሮግራም ነው። ኢዊንግ የሰጠው ፈቃድ ከአንድ ዓረፍተ ነገር አይበልጥም፤ ሥዕሉን መጠቀምም መለወጥም ይቻላል፣ ጠያቂ ከመጣ ብቻ የእሱና የጊምፕ ስም ይነሳ። የሊኑክስ ኮድ ግን የሚተዳደረው በሌላ ፈቃድ፣ በጂፒኤል ነው። “ሊኑክስ” የሚለው ስም ደግሞ የቶርቫልድስ የንግድ ምልክት ነው። እንግዲህ በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ሦስት የተለያዩ መብቶች አሉ ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው፤ ኮዱ ነፃ ስለሆነ ሥዕሉም ነፃ ይመስለዋል።

በቅጂ መብት ሕግ አንድን ሥዕል ለውጦ ሌላ ሥዕል ማውጣት የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ተፈቅዶለት የለወጠ ሰው ባለቤትነቱ በጨመረው ነገር ላይ ብቻ ነው። ታክስን ያበዛው ፈቃዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የሊኑክስ 2.6.29 እትም ሲወጣ ፔንግዊኑ ለጊዜው ቦታውን ለቆ ነበር። የተተካው ቱዝ በተባለ የታዝማኒያ አውሬ ነው፤ እሱም አፉ ላይ ቢጫ የሐሰት ምንቃር አስሮ ፔንግዊን ለመምሰል ይሞክራል። ዓላማው ፊት ላይ በሚወጣ ካንሰር እያለቀ ላለው ለዚያ እንስሳ ትኩረት ማስገኘት ነበር።

የሌላው ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት፣ የቢኤስዲ፣ መለያ የሆነው ቀይ ሰይጣን ታሪክ ግን ሌላ ነው። ኮዱ እጅግ ልል በሆነ ፈቃድ ሲሰራጭ፣ የሥዕሉ መብት የፕሮግራም ባለሙያው የማርሻል ከርክ መኩሲክ የግል ንብረት ነው። በሰፊው የሚታወቀውን ሥዕል የሳለው በኋላ “ቶይ ስቶሪ”ን ያዘጋጀው ጆን ላሴተር ነው። ከቢኤስዲ ሥርዓቶች አንዱ የሆነው ፍሪቢኤስዲ እ.ኤ.አ. በ2005 ውድድር ከፍቶ ሌላ አርማ መረጠ፤ ቀንዳሙ ግን ማስኮት ሆኖ ቀርቷል።

የሌሎቹ መለያ ሥዕሎች ፈቃድ በአመዛኙ ለቀቅ ያለ ነው። የአንድሮይድ አረንጓዴ ሮቦትና ሬኔ ፍሬንች የሳለችው የጎ ቋንቋ ጎፈር የፈጣሪያቸው ስም እስከተጠቀሰ ድረስ ሊለወጡ ይችላሉ። የጃቫ ቋንቋ መለያ የሆነው ዱክ እ.ኤ.አ. በ2006 በቢኤስዲ ፈቃድ ተለቋል።

የንግድ ምልክት ሲጨመርበት ነገሩ ይከራል። የድር ማሰሻው የፋየርፎክስ ኮድ ነፃ ቢሆንም የአርማው ፈቃድ ነፃ ስላልነበረ ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስርጭት አርማውን አውጥቶ ስሙን ብቻ ይዞ ነበር። የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላ “ስሙ ያለ አርማው አይሆንም፣ ማሻሻያችሁንም እኛ እንየው” አለ። ዴቢያን እ.ኤ.አ. በ2006 ፕሮግራሙን አይስዊዝል ብሎ ሰየመው፤ ወደ ፋየርፎክስ የተመለሰው በ2016 ነው። በእኔ ግምት ሞዚላ ስሙን ከአስመሳዮች መጠበቁ ተገቢ ነበር፤ ለአሥር ዓመት መጎተቱ ግን ተጠቃሚውን ከማደናገር በቀር የፈየደው የለም።

በኢትዮጵያም አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የሥዕልን የቅጂ መብት ይጠብቃል። ቲሸርት ላይ ማስኮት ልታትሙ ከሆነ የፕሮግራሙን ሳይሆን የሥዕሉን ፈቃድ ፈልጋችሁ አንብቡ።