ከአዳማ ተነሥቶ በስታር አሊያንስ፦ የአየር መንገዶች ሽርክናና የመንገደኛው ማይል

አዳማ የራሷ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ብዙ በራሪ ግን አላት። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው የፍጥነት መንገድ ወደ ቦሌ ከሚወጡት መካከል ጓንዙና ዱባይ ደርሰው የሚመለሱ ነጋዴዎች፣ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ዋሽንግተን የሚሄዱ እናቶች፣ ጂዳና ቤይሩት ለሥራ የሚጓዙ ወጣት ሴቶች አሉ። በ2011 ዓ.ም መጀመሪያ ተመርቆ ሥራ የጀመረው አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክም የራሱን መንገደኛ ጨምሯል። ፓርኩን የገነባው የቻይናው የግንባታ ድርጅት ሲ.ሲ.ኢ.ሲ.ሲ ነው፤ ሥራው በዋናነት ጨርቃ ጨርቅና አልባሳት ነው። ስለዚህ ቴክኒሻን ይመጣል፣ ሥራ አስኪያጅ ይሄዳል፣ ገዥ ናሙና ሊያይ ይመላለሳል።

እነዚህ ሁሉ ለቲኬታቸው ሙሉ ዋጋ ይከፍላሉ። ከቲኬቱ ጋር የሚመጣውን ማይል፣ ማለትም አየር መንገዱ ለበረራው የሚቆጥረውን ነጥብ፣ የሚሰበስበው ግን ጥቂቱ ነው፤ ሰብስቦ በትክክለኛው ቦታ የሚያውለው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የማይል ትልቁ ጥቅም የሚገኘው ሰውየው ከተሳፈረበት አየር መንገድ ብቻ ሳይሆን ከሽርኮቹም ስለሆነ፣ ሽርክናው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል።

አየር መንገዶች እርስ በርስ የተሳሰሩት ወድደው ብቻ አይደለም። በ1937 ዓ.ም ቺካጎ ላይ የተፈረመው የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት እያንዳንዱ አገር በአየር ክልሉ ላይ ሙሉ ሥልጣን እንዳለው አጽንቷል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዋሽንግተን ማረፍ ይችላል፤ ከዋሽንግተን ወደ ዴንቨር ግን መንገደኛ አሳፍሮ ትርፍ ማግኘት አይፈቀድለትም። ብዙ አገሮች ደግሞ የውጭ ባለሀብት አየር መንገዳቸውን ጠቅልሎ እንዳይገዛ በሕግ ይከለክላሉ። መግዛትም መብረርም ካልተቻለ የሚቀረው መተባበር ነው። የእኛ አየር መንገድ ሲመሠረትም በትብብር ነበር፤ ከአሜሪካው አየር መንገድ ቲ.ደብሊው.ኤ ጋር ተዋውሎ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ።

ትብብሩ ደረጃ አለው። ዝቅተኛው አንዱ የሌላውን ቲኬትና ሻንጣ መቀበሉ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የተሰጠ ሻንጣ መጨረሻው ከተማ ላይ የሚወርደው በዚህ ነው። ቀጥሎ ኮድሼር ይመጣል፤ አንዱ በሌላው አውሮፕላን ላይ በራሱ የበረራ ቁጥር ወንበር ይሸጣል። ከዚያ በላይ ገቢና መስመር የሚጋሩበት የጋራ ሥራ አለ፤ በየካቲት 2017 ዓ.ም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአቡዳቢው ኢትሃድ ጋር የተፈራረመው ወደዚህ የሚያመራ ነው። በሎሜው አስካይ እንዳደረገው ባለ አክሲዮን መሆንም አንዱ መንገድ ነው። አሊያንስ ደግሞ ብዙ አየር መንገዶችን በአንድ ጊዜ የሚያስተሳስር ማኅበር ነው። ስታር አሊያንስ በግንቦት 1989 ዓ.ም በአምስት አየር መንገዶች ተመሠረተ፤ ዋንወርልድ በ1991፣ ስካይቲም በ1992 ተከተሉ። ዛሬ ስታር አሊያንስ 25 ገደማ አባላት አሉት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 3 ቀን 2004 ዓ.ም ሲገባ ግብፅ ኤርና ሳውዝ አፍሪካን ቀድመውት ነበር፤ ከአፍሪካ ያሉት ሦስቱ ናቸው።

ለመንገደኛው ትርጉም ያለው ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የማይል አሠራር በአሜሪካን ኤርላይንስ በ1973 ዓ.ም ሲስፋፋ በአንዱ የተሰበሰበ በዚያው ብቻ ይውል ነበር። አሊያንስ ይህን አጥር አፈረሰው። ከአዲስ አበባ ጓንዙ በኢትዮጵያ፣ ከጓንዙ ዉሺ በሼንዘን ኤርላይንስ የበረረ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ሁለቱንም በረራ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የማይል መዝገብ በሆነው በሼባ ማይልስ በአንድ ቁጥር ማስመዝገብ ይችላል። ወይም ከፈለገ ሁለቱንም በኤር ቻይና፣ በዩናይትድ፣ በኤር ካናዳ ወይም በተርኪሽ መዝገብ ያስገባል። አንድ በረራ የሚመዘገበው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የቱ ቦታ እንደሚሆን የሚወስነው ግን መንገደኛው ነው። ብዙ ሰው ይህን ምርጫ እንዳለው አያውቅም፤ በኢትዮጵያ ከበረረ ሼባ ማይልስ ብቻ የተፈቀደለት ይመስለዋል።

ምርጫውን በሁለት ጥያቄ መወሰን ይቻላል። የመጀመሪያው፣ በዓመት ስንት ጊዜ ትበራለህ? ከአዲስ አበባ ጓንዙ ደርሶ መልስ ወደ 10,000 ማይል ነው፤ ዋሽንግተን ደርሶ መልስ ከ14,000 ያልፋል። በዓመት ብዙ ጊዜ የሚመላለስ ነጋዴ የሚያስፈልገው ነፃ ቲኬት ሳይሆን የአባልነት ማዕረግ ነው። የሼባ ማይልስ ጎልድና ፕላቲነም አባል በመላው ስታር አሊያንስ ጎልድ ሆኖ ይታወቃል። ሻንጣ በቁጥር በሚታይበት መስመር አንድ ተጨማሪ ሻንጣ፣ በኪሎ በሚመዘንበት ደግሞ 20 ኪሎ ይጨመርለታል። ለአዳማ ነጋዴ ከዚህ የበለጠ ጥቅም ያለ አይመስለኝም፤ ማዕረጉ የሚያስገባበት የአየር ማረፊያ ላውንጅ ይቅርና ትርፍ ሻንጣ በየጉዞው ስንት እንደሚያስከፍል የሚያውቀው ያውቀዋል። ማዕረጉ በሉፍታንዛም በተርኪሽም ቆጣሪ ላይ ይሠራል። አሜሪካ ውስጥ በዩናይትድ የአገር ውስጥ በረራ ሲጓዝ ደግሞ የሼባ ማይልስ ጎልድ ያለው ሰው ዩናይትድ ክለብ የተባለው የዩናይትድ ላውንጅ ይገባል፤ የዩናይትድ የራሱ ጎልድ አባል ግን በዚያው በረራ በማዕረጉ ብቻ አይገባም።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማይልህ ከየት ይመጣል? ይህ በተለይ በውጭ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ነው። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ማይል በአብዛኛው የሚጠራቀመው በመብረር ሳይሆን በባንክ ካርድ ነው። የቼስ ባንክ ነጥብ ወደ ዩናይትድም ወደ ኤር ካናዳው ኤሮፕላንም ይዛወራል፤ የአሜሪካን ኤክስፕረስና የካፒታል ዋንም ወደ ኤሮፕላን ይሄዳል። ኤሮፕላን ወይም ዩናይትድ የገባ ነጥብ ደግሞ በኢትዮጵያ አውሮፕላን ላይ ወንበር ይገዛል። ሜሪላንድ የሚኖር ልጅ አስቤዛውን በካርድ እየገዛ ያጠራቀመውን ለአዳማ እናቱ ቲኬት ሊያደርገው ይችላል፤ ሁለቱም ድርጅቶች ለሌላ ሰው ቲኬት ማውጣትን ይፈቅዳሉ። ሌላም ትልቅ ጥቅም አለ። የማይል ቲኬት በነፃ ነው ቢባልም ግብር ይከፈልበታል፤ አንዳንዶቹ አየር መንገዶች ከግብሩ በላይ የነዳጅ ጭማሪ ያስከፍላሉ፤ እሱ ብቻውን መቶዎች ዶላር ሊደርስ ይችላል። ዩናይትድና ኤሮፕላን ግን ይህን ጭማሪ በሽርኮች በረራ ላይ አይጠይቁም።

ችግሩ ወንበር ማግኘቱ ነው። አየር መንገዱ ለሽርኮቹ በየበረራው የሚለቀው ወንበር ጥቂት ነው፤ ለገና፣ ለፋሲካና ለክረምት ዕረፍት ደግሞ ከነጭራሹ ይጠፋል። ወራት ቀድሞ መፈለግ፣ ቀን ማቀያየር፣ ዋሽንግተን ሲጠፋ ኒዋርክን፣ ቺካጎን ወይም ቶሮንቶን መሞከር ያስፈልጋል። ሦስቱም የዩናይትድ ወይም የኤር ካናዳ ዋና ማዕከሎች ስለሆኑ በዚያው ማይል ቀጣዩን በረራ ማገናኘት ይቻላል።

የባሕረ ሰላጤው መስመር ከዚህ ይለያል፤ በዚያ አካባቢ አንድም የስታር አሊያንስ አባል የለም። ኤሚሬትስ ከሦስቱም ማኅበራት ውጭ ነው፤ ፍላይ ዱባይ የእሱን የማይል መዝገብ ይጋራል። ኳታር የዋንወርልድ፣ ሳዑዲያ የስካይቲም ናቸው፤ ጎረቤታችን ኬንያ ኤርዌይስም እንዲሁ የስካይቲም ነው። ዋጋ የረከሰበትን እየተከተለ በአራት አየር መንገድ የሚበር የዱባይ ነጋዴ በአራት ዕቁብ ገብቶ አንዱንም ሳያወጣ እንደሚቀር ሰው ይሆናል። የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ በአንዱ መጽናት ያዋጣል፤ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ግን ማይልን ረስቶ ርካሹን መግዛት ይሻላል። ለማይል ተብሎ ውድ ቲኬት አይገዛም።

ስለ ስሌቱም አንድ ነገር ልጨምር። የተበረረው ማይል ሁሉ አይመዘገብም። ቲኬቱ ላይ ያለችው የክፍል ፊደል ናት የምትወስነው፤ በጣም በረከሰው ኢኮኖሚ ከርቀቱ የሚታሰበው በከፊል ብቻ ነው፤ በአንዳንድ ሽርኮች ምንም አይታሰብም። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ቲኬት ሻጩን ፊደሏን መጠየቅ ይገባል። የብዙ አየር መንገዶች ማይል ያረጃል፣ የቲኬቱም ዋጋ በማይል ሲተመን በየጊዜው ይንራል። ሽርክናውም ራሱ ይለወጣል፦ ከስታር አሊያንስ መሥራቾች አንዱ የነበረው ኤስ.ኤ.ኤስ በነሐሴ 2016 ዓ.ም ወደ ስካይቲም ሄዷል። ማይል ለልጅ የሚቀመጥ ሀብት ስላልሆነ በጊዜው ይበላ።

የእኛን ሰው ማይል በተደጋጋሚ የሚያስቀረው ግን ከዚህ ሁሉ የቀለለ ነገር ነው፤ ስም። ፓስፖርቱ ላይ የአባት ስም የቱ ቦታ እንደገባ፣ የአያት ስም መኖር አለመኖሩን፣ በላቲን ፊደል እንዴት እንደተጻፈ ሳያመሳክሩ መዝገብ ይከፈታል፤ ቲኬቱ በሌላ አጻጻፍ ይወጣል፤ ማሽኑ ሁለት ሰው ናቸው ብሎ ይተወዋል። መዝገቡ ፓስፖርቱን በፊደል በፊደል ይምሰል። ማይሉ እስኪገባም ቦርዲንግ ፓስ አይጣል፤ የቀረውን በኋላ ለመጠየቅ ማስረጃው እሱ ነው።

ለአዳማ ይህ ነገር ከዛሬ ይልቅ ነገ ይበልጥ ያስፈልጋታል። ቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ የታቀደው አዲሱ አየር ማረፊያ ሲጠናቀቅ በዓመት 100 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ መንገደኛ እንዲያስተናግድ የታሰበ ነው፤ ለአዳማ ሰው ደግሞ ከቦሌ ይቀርባል። በፓርኩ ያሉ ድርጅቶች ከወዲሁ ማድረግ የሚችሉት አለ። ቲኬቱን የሚገዛው ድርጅቱ ቢሆንም የማይሉ መዝገብ የሚከፈተው በበራሪው ስም ነው፤ ስለዚህ የጉዞ መጠየቂያ ቅጻቸው ላይ የማይል ቁጥር የሚሞላበት አንድ መስመር ይጨምሩ። የቲኬት ቢሮዎችም ስምና ፓስፖርት ሲቀበሉ ቁጥሩን አብረው ይጠይቁ። አንባቢ ሆይ፣ አንተም ሼባ ማይልስ ለመመዝገብ ክፍያ የለውምና ከሚቀጥለው ቲኬትህ በፊት ተመዝገብ፤ አዳማ ያለችውን እናትህንም አስመዝግባት።