ድምፁ አለ፤ የሚነበበው የት አለ?

ጽሑፍን ወደ ንግግር ስለሚቀይሩ መሣሪያዎች ሲነሣ ክርክሩ ሁልጊዜ የሚያርፈው ድምፁ ላይ ነው፤ ለዛ የለውም፣ የሚጠብቀውን ያላላል ይባላል። ተማሪዎቻችንን የያዛቸው ግን ድምፁ አይመስለኝም። በነፃ የሚገኘው ኢስፒክ አማርኛ ያነባል፤ ማይክሮሶፍት መቅደስና አምሃ የተባሉ የአማርኛ ድምፆች አሉት፤ ሜታ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ1,100 ለሚበልጡ ቋንቋዎች በለቀቀው ሥራ ውስጥም አማርኛ አለ። የጠፋው የሚነበበው ነው። በቴሌግራም የሚዞሩት መጻሕፍት ብዙዎቹ በስካነር የተነሡ ገጾች ናቸው፤ ለዓይን ፊደል፣ ለማሽኑ ግን ሥዕል። ከዚህ የሚብሰው የድሮ ፎንት ጣጣ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተር የጋራ የፊደላት መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተተየበ ሰነድ ስክሪኑ ላይ አማርኛ ቢመስልም ከጀርባው ያለው የላቲን ምልክት ስለሆነ፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነበው ስክሪን ሪደር ሲከፍተው ትርጉም የለሽ ድምፅ ይደረድራል። ዓይነ ስውሩ ተማሪ ፋይሉን ከጓደኞቹ እኩል ተቀብሎ አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ ሳይሰማ ይቀራል።

ማሽኑ ይሳሳታል የሚለው ወቀሳ እውነት አለው። አጻጻፋችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ «ገና» በዓሉ ይሁን ያልደረሰ ነገር የሚለየው ከዐውዱ ብቻ ነው። ነገር ግን ቋንቋውን የሚያውቅ አድማጭም ስሕተቱን በዚያው ዐውድ ያርመዋል። ገና ፊደል የሚቆጥር ልጅ ይህን ማድረግ ስለማይችል ከመምህሩ ጋር እንጂ ብቻውን መሣሪያው ላይ ባይጣል እመርጣለሁ። ልጆች ማንበብ ይተዋሉ የሚለው ስጋት የበለጠ ያሳስበኛል። ፊሊፕ ጎፍና ዊሊያም ተንመር እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳስረዱት፣ አንብቦ መረዳት ፊደሉን መፍታትና ሲነገር መረዳት ተባዝተው የሚሰጡት ውጤት ነው፤ አንዱ ባዶ ከሆነ ውጤቱም ባዶ ነው። ስለዚህ ማዳመጥ የንባብ ትምህርትን አይተካም። ሆኖም ፊደል መፍታት የሚከብደው ተማሪ እስኪለምድ ድረስ ሳይንሱና ታሪኩም አብረው ሊያመልጡት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የጥናቶች ትንተናም የማንበብ ችግር ያለባቸው ተማሪዎች ጽሑፉ ሲነበብላቸው መረዳታቸው እንደሚሻሻል አሳይቷል፤ ለውጡ መጠነኛ ቢሆንም።

የቅጂ መብቱስ ለሚሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የማራካሽ ስምምነት ማየት ለተሳናቸውና የታተመ ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች የሚሆን ቅጂ ያለባለመብቱ ፈቃድ እንዲዘጋጅ መንገድ ይከፍታል። አሳታሚም ወደ ማተሚያ ቤት የላከው የተተየበ ፋይል አለው። በስካን ፋንታ ያንን ፋይል በዩኒኮድ መልቀቅ አዲስ ድምፅ ከመሥራት እጅግ ይቀላል፤ ከመማሪያ መጻሕፍት ቢጀመር ደግሞ በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ሊደርስ የሚችል ሥራ ነው።