አሮጌ ሞተር ሳይክል በቤት ውስጥ መሥራት፦ ተረቱና እውነታው

ያረጀ ሞተር ሳይክል በርካሽ ገዝቶ፣ ኋላውን ቆርጦ፣ ጠፍጣፋ መቀመጫ ጭኖና ጥቁር ቀለም ረጭቶ «ካፌ ሬሰር» ማድረግ የጥቂት ቅዳሜዎች ሥራ ነው ብሎ የሚያምን ብዙ ነው። ቪዲዮዎቹም ይህንኑ ያሳምናሉ። መቁረጡና ቀለሙ ይታያል፤ ገንዘብና ትዕግሥት የሚበላው ሥራ ግን አይታይም።

ነገሩን በአንዲት ሞተር ሳይክል እንየው። ሆንዳ ሲቢ 350 እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1973 የተሠራች ባለ ሁለት ሲሊንደር ናት፤ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ300 ሺህ በላይ ተሸጣለች። እዚያ የሚኖር አበሻ ጋራዥ ካለው፣ ለመጀመሪያ ሥራ ከእሷ የምትሻል ብዙም አያገኝም። ምክንያቱ ውበቷ ሳይሆን ብዛቷ ነው። «ብርቅ የሆነችውን ፈልግ» የሚሉ ሰዎች፣ ብርቅ ሞተር ሳይክል መለዋወጫውም ብርቅ መሆኑን ይረሱታል።

ከሁሉ በላይ ኪስ የሚያራቁተው ተረት «ርካሿ ሞተር ሳይክል ርካሽ ናት» የሚለው ነው። ጎማ፣ ባትሪ፣ ካቴና፣ የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮንና የጋዝ ኬብል፣ የካርቡሬተር ጎማዎችና ጉዋርኒሲዮኖች ዋጋቸው አንድ ነው፤ ሞተር ሳይክሏ በነፃ ብትሰጥም አይቀንስም። ተነሥታ የምትሄደው ትንሽ ብትወደድም፣ ከቆመችው ይልቅ በመጨረሻ የምትረክሰው እሷው ናት። የቆመችውን መግዛት ግድ ከሆነ ካንዴላዎቹን አውጥቶ ሞተሩ በእጅ ይዞር እንደሆነ መሞከር ነው። የማይዞር ከሆነ ዋጋው ሌላ ነው። ጎማው ጥርሱ ስላላለቀ ደህና ነው ማለትም አይቻልም፦ እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ በተሠሩ ጎማዎች ጎን ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ታትሟል፤ 2309 ማለት በ2009 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ጎማ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ላስቲኩ ደርቋል። የባለቤትነት ወረቀት የሌላትን ደግሞ ባይነኳት ይሻላል። የሻንሲው ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ካልገጠመ የተለፋበት ሁሉ መንገድ ላይ የማይወጣ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ካፌ ሬሰር የገንዘብ ጨዋታ ነው የሚሉም አሉ። ታሪኩ ግን ተቃራኒውን ይናገራል። በ1938 ለንደን ውስጥ በሰሜን ሰርኩላር መንገድ የተከፈተው ኤስ ካፌ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የወጣቶች መሰብሰቢያ ሆነ፤ ሕልማቸው በሰዓት 100 ማይል፣ ማለትም 160 ኪሎ ሜትር ገደማ መድረስ ነበር። ዝነኛዋ «ትራይተን» የኖርተን ሻንሲ ላይ የትራያምፍ ሞተር የተጫነባት ናት። ሻንሲው የቤልፋስቶቹ የማካንድለስ ወንድማማቾች ሥራ ሲሆን በ1950 ብቅ ያለ ነው። በዚያ ዘመን የ500 ሲሲ ትናንሽ መኪኖች ተወዳዳሪዎች የኖርተንን ሞተር ይፈልጉ ነበር፤ ፋብሪካው ሞተር ለብቻው ስለማይሸጥላቸው ሙሉ ሞተር ሳይክል እየገዙ ሞተሩን ያወጣሉ። የተረፈው ሻንሲ ነው ለትራይተን የዋለው። ከትርፍራፊ የተጀመረ ጥበብ ነው እንግዲህ፤ ዛሬ በብልጭልጭ ዕቃ ዋጋው የሰማይ መሆኑ ትንሽ ያስቃል።

አሁን ወደ ትልቁ ተረት እንምጣ፦ «የፋብሪካውን ፊልትሮ ጥለህ ክብ ፊልትሮ ግጠም፣ ማርሚታውን ክፈት፣ ጉልበት ይጨምራል።» የሚጨምረው ጩኸቱ ነው። የሲቢ 350 ካርቡሬተር ውስጥ ያለውን ተንሸራታች የጋዝ ኬብሉ አያነሣውም። ኬብሉ የሚከፍተው ከታች ያለውን ቢራቢሮ መሰል መዝጊያ ብቻ ነው፤ ተንሸራታቹን የሚያነሣው ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጠረው የግፊት ልዩነት ነው። ፋብሪካው ፊልትሮውን፣ የጎማ ቱቦውንና የቤንዚን ቀዳዳዎቹን አንድ ላይ አስማምቶ ለክቷቸዋል። አንዱ ሲነካ ልኩ ይፈርሳል፤ አየር ይበዛል፣ ቤንዚን ያንሳል፣ ሞተሩ በመካከለኛ ፍጥነት ይንገዳገዳል፣ ይግላል፣ ሲከፋም ፒስተን ይበሳል። ካንዴላው ነጣ ብሎ ከወጣ ቤንዚን ማነሱን፣ ጥላሸት ለብሶ ከወጣ መብዛቱን ይጠቁማል። ማስተካከል ይቻላል፤ ግን የቤንዚን ቀዳዳዎችን እየለዋወጡ ደጋግሞ መሞከርን ይጠይቃል። ለጀማሪ የምመክረው ግልጽ ነው፦ የፋብሪካውን ፊልትሮ ይተወው። ካርቡሬተር ሲጸዳም የዝቅተኛ ዙሩ ቀዳዳ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ስለሆነ ብረት ሽቦ ከተሰካበት ይሰፋል፤ ማጽጃ ፈሳሽና የታመቀ አየር ይበቃዋል። የጭስ ቱቦን በጨርቅ መጠቅለል ደግሞ ለፎቶ ነው፤ ጨርቁ እርጥበት ይዞ ቱቦውን ያዝገዋል።

«አሮጌ ስለሆነ ብሎኑ ሁሉ ተላልጧል» የሚለው ብሶት ብዙ ጊዜ የብሎኑ ጥፋት አይደለም። የድሮ የጃፓን ሞተር ሳይክሎች የመስቀል ብሎኖች ጄአይኤስ በሚባለው የጃፓን ደረጃ የተሠሩ ናቸው፤ ተራው የፊሊፕስ ካቻቪቴ እስከ ታች አይቀመጥባቸውም፣ እየተንሸራተተ ይልጣቸዋል። ትክክለኛው ካቻቪቴ በትንሽ ገንዘብ ይገዛል።

ዘይትም እንዲሁ። ሲቢ 350 ውስጥ አንዱ ዘይት ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና ፍሪሲዮኑን በአንድነት ያጠጣል። ለቤንዚን ቁጠባ ተብሎ የተሠራ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ሊያንሸራትት ይችላል፤ ጣሳው ላይ ጄኤኤስኦ ኤምኤ የሚል ምልክት ያለበትን መፈለግ ነው።

መቁረጥን በተመለከተ፣ «ሻንሲ ቧንቧ ነው፣ ማንም በያጅ ይቀጥለዋል» ይባላል። ከኋላ ሾክ ማሰሪያው ወደ ፊት ያለው ብረት የጋላቢውን ክብደትና የመንገዱን ምት የሚሸከም ስለሆነ አይነካም። ከዚያ ወደ ኋላ የተቆረጠው ደግሞ ሁለቱን ጎን በሚያገናኝ ቅስት ካልታሰረ ይወዛወዛል። ከመቀመጫው ሥር የነበረው ባትሪና ሽቦ ሁሉ ቦታ ሲያጣ ሌላ ወጪ ይጀምራል። ሻንሲው ተቀብቶ ሲገጣጠም «ሞተር ሳይክሏ ሞተች» የሚባለውም ብዙ ጊዜ ቀለም ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ነው፤ የኔጌቲቩ ሽቦ የሚታሰርበት ቦታ እስከ ብረቱ ድረስ ተፍቆ መጋለጥ አለበት።

በዚህኛው ተረት ግን ቀልድ የለም፦ «ታንኩ ባዶ ስለሆነ መበየድ ይቻላል።» የሚፈነዳው ከአየር ጋር የተቀላቀለው የቤንዚን ትነት ነው፤ በውጭ ባዶ የሚመስል ታንክ ደግሞ በትነት የተሞላ ነው። ይህን ሥራ ታንክ አጽድቶ መበየድ ለሚያውቅ ባለሙያ መስጠት ነው። የውስጡን ዝገት ግን ቤት ውስጥ በኮምጣጤ ማስለቀቅ ይቻላል፤ ከዚያ አሲዱን በሶዳ አክሽፎ፣ አጥቦ፣ ቶሎ ማድረቅ፣ አለዚያ ዝገቱ ወዲያው ይመለሳል።

ስለዚህ ግራይንደሩን ከማንሣትዎ በፊት ሞተር ሳይክሏን ከፋብሪካ እንደወጣችው አስነሥተው፣ ፍሬኗን አስተካክለው፣ ጥቂት ሳምንት ይንዷት። የትኛው ነገር መለወጥ እንዳለበት ያኔ ይታወቃል። የፈቱትን ኦሪጅናል ዕቃም አይጣሉ፤ እንደ ፋብሪካው መልሰው የሚጠግኑ ሰዎች ይፈልጉታል፣ ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብም ለአዲስ ጎማ ይሆናል።